«መጀመሪያ እህል፣ የሴቶች ጉዳይ በኋላ» የሚለው ስሌት የት ላይ ይሳሳታል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ አብዛኛውን የውጭ እርዳታዋን በድንገት አቆመች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከመዘገበው የሰብዓዊ እርዳታ ገንዘብ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእሷ የመጣ ነበር። ሌሎች ትልልቅ ለጋሾችም በየፊናቸው እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ጦሱ ለመታየት ብዙ አልቆየም። ድርጅቱ መጀመሪያ ለ2025 ያወጣው እቅድ 47 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ 190 ሚሊዮን ሰው ለመርዳት ነበር። ጁን ላይ ግን ከእቅዱ ውስጥ «ከሁሉም በፊት» የሚባለውን ብቻ ለይቶ አወጣ። ይኸኛው 29 ቢሊዮን ዶላርና 114 ሚሊዮን ሰው ነው።

እንዲህ ሲሆን በየስብሰባው የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምኑ ይቅር? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስም የታወቀ ነው። እህል፣ ውሃ፣ መጠለያ ይቅደም። የአዋላጅ፣ የወሊድ መከላከያ፣ የተደፈሩ ሴቶች ሕክምና፣ የሴቶች ማዕከል የሚባለው ነገር ሁኔታው ሲረጋጋ ይደረሳል።

ላይ ላዩን ሲታይ ምክንያታዊ ነው። የተራበ ሰው መጀመሪያ መብላት አለበት፤ ማንም አይከራከርም። ችግሩ ያለው «በኋላ» የምትለው ቃል ላይ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች ከሌሎቹ የሚለዩት አብዛኞቹ በሰዓት የሚቆጠር ቀነ ገደብ ስላላቸው ነው። ገደቡ ካለፈ «በኋላ» የሚባል ነገር የለም።

«ሕይወት አድን» የሚለው ቃል ማንን ያካትታል?

ለረጅም ጊዜ የአደጋ ጊዜ ሕክምና ሲባል ቁስለኛ ማከም፣ ኮሌራና ኩፍኝን መከላከል፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕጻናትን መመገብ ማለት ነበር። ሴቶች በዚህ ውስጥ አሉ፤ ግን ያሉት እንደ ማንኛውም በሽተኛ ነው። የሚያረግዙ፣ የሚወልዱ፣ የወር አበባ የሚያዩ፣ ለጥቃት የሚጋለጡ ሰዎች መሆናቸው በእቅዱ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ይህ መለወጥ የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የቦስኒያው ጦርነትና የሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ መደፈርን ከጦርነት የጎንዮሽ ጉዳትነት አውጥተው የዓለም መነጋገሪያ አደረጉት። በ1998 የሩዋንዳው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በአንድ የቀድሞ ከንቲባ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰነ። በ1994 ካይሮ ላይ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ልማት ጉባኤም የስደተኞችና የተፈናቃዮች የሥነ ተዋልዶ ጤና መብት መሆኑን በሰነዱ አሰፈረ።

ከካይሮው ጉባኤ በኋላ ባለው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና የእርዳታ ድርጅቶች የጋራ ቡድን አቋቋሙ። ይህ ጥረት ካፈራቸው ነገሮች ዋናው ባለሙያዎች በምህጻሩ «ሚስፕ» የሚሉት ነው። በአማርኛ «አነስተኛው የመነሻ አገልግሎት ጥቅል» ብንለው ያስኬዳል። ቀውስ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከተቻለ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ መጀመር ያለባቸውን ሥራዎች የሚዘረዝር ነው። የሚያስተባብር አካል መሰየም፣ ጾታዊ ጥቃትን መከላከልና ለተጎዱት ሕክምና መስጠት፣ የኤችአይቪንና የሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን ስርጭት መቀነስ፣ የእናቶችንና የጨቅላዎችን ሞት መከላከል፣ ያልታሰበ እርግዝናን መከላከል፣ ከዚያም ነገሩን ወደ መደበኛው የጤና አገልግሎት ለማስገባት ማቀድ። ጥቅሉ ይኸው ነው።

አንድ ልብ የሚባል ነገር አለው። ጥቅሉን ለመጀመር ጥናት አይጠበቅም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ነፍሰ ጡር አለች፤ ይህን ለማወቅ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም።

ምጥ ቀጠሮ አይቀበልም

እስቲ ቁጥር እንውሰድ። 10,000 ሰው የሰፈረበት አንድ መጠለያ ጣቢያ አለ እንበል። በዚህ ሕዝብ ውስጥ በዓመት ከ1000 ሰው 40 ልጅ ይወለዳል ብንል፣ በዓመት 400፣ በወር 33 ገደማ ወሊድ አለ። ከአንድ በላይ በየቀኑ ማለት ነው። ለእቅድ በሚያገለግለው ግምት መሠረት፣ ከነፍሰ ጡሮች 15 በመቶ የሚሆኑት ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ይገጥማቸዋል። ስለዚህ በዚያ ጣቢያ በየወሩ አምስት ያህል ሴቶች የሠለጠነ ሰውና መድኃኒት በቶሎ ካላገኙ ሊሞቱ ይችላሉ። ጣቢያው ሰላማዊ ቢሆንም፣ ምግብ ቢሟላም፣ ወረርሽኝ ባይኖርም ያው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2025 ባወጡት ግምት፣ በ2023 ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት 260,000 ያህል ሴቶች ሞተዋል። ግጭት ባለባቸው አገሮች ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕጻናት አንጻር የሞቱት እናቶች 504 ነበሩ። ግጭትም ሆነ ከባድ የተቋማት መዳከም በሌለባቸው አገሮች ቁጥሩ 99 ነው። አምስት እጥፍ ልዩነት መሆኑ ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ምንድን ነው? ጥይት አይደለም። ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» ይሉታል። አንደኛው ሕክምና ለመፈለግ የመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው ጤና ተቋም የመድረስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና የማግኘት መዘግየት ነው። ቀውስ ሦስቱንም በአንድ ላይ ያረዝማል። ባል የለም ወይም ስልክ የለም፤ ማን ይወስን? መንገዱ ተዘግቷል፤ የሰዓት እላፊ አለ። ደርሳ ደግሞ አዋላጇ ራሷ ተፈናቅላለች።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ በዓለም ላይ እናቶችን በመግደል ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ካልቆመ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የሚያስቆመው መድኃኒት ግን ውድ አይደለም። ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። እሱን በቅዝቃዜ ማቆየት ያስፈልጋል፤ መብራት በሌለበት ይህ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የማይፈልገው ሚዞፕሮስቶል የተባለው ክኒን በአደጋ ጊዜ ሳጥኖች ውስጥ ይገባል። በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ተነስቶ የሚያንቀጠቅጣትን ሴት የሚያድነው ማግኒዥየም ሰልፌትም ርካሽ ነው። ጤና ተቋም ጭራሽ መድረስ ለማትችል ደግሞ ለራሷ የሚሰጥ ትንሽ ጥቅል አለ፤ ሳሙና፣ የምትተኛበት ንጹሕ ፕላስቲክ፣ እትብት የሚቆረጥበት አዲስ ምላጭ፣ የሚታሰርበት ክር። ይህ ጥቅል ሐኪምን አይተካም። ኢንፌክሽንን ግን ይቀንሳል።

የኢቦላው ወረርሽኝ ይህን ነገር በሌላ በኩል አሳይቶታል። በ2014 ምዕራብ አፍሪካ ላይ ሁሉም ሀብትና ባለሙያ ወደ ኢቦላ ሲዞር፣ እናቶች በጤና ተቋም መውለድ ቀነሱ። ፍርሃትም ነበር፣ የባለሙያ እጥረትም ነበር። በኢቦላ ያልተያዙ፣ ግን በኢቦላ ምክንያት የሞቱ እናቶች ነበሩ። በወረርሽኙ የሟቾች ዝርዝር ላይ ግን አልተጻፉም።

72 ሰዓት

የቀነ ገደቡ ነገር ይበልጥ የሚጠብቀው ለተደፈረች ሴት በሚሰጠው ሕክምና ላይ ነው። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ከተጀመረ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት፣ ማለትም እስከ አምስት ቀን፣ ያገለግላል፤ እሱም ሲዘገይ አቅሙ ይቀንሳል። የአባላዘር በሽታ መድኃኒት፣ የሄፓታይተስ ቢና የቲታነስ ክትባት፣ የቁስል ሕክምና፣ ከዚያም የሥነ ልቦና ድጋፍ ይከተላል።

አሁን ይህን «ሁኔታው ሲረጋጋ» ከሚለው ጋር አያይዙት። ቀውስ በአራተኛው ቀን አይረጋጋም።

መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ መኖሩም በቂ አይደለም። ሴቲቱ አገልግሎቱ መኖሩን ማወቅ አለባት። ገደቡን ማወቅ አለባት። ማንም ሳያያት መግባት የምትችልበት በር ያስፈልጋል። «የተደፈሩ ሴቶች ክሊኒክ» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ድንኳን፣ ባዶውን ቢውል ማን ይገርመዋል? ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች አገልግሎቱን ከእናቶችና ሕጻናት ክትትል ጋር፣ ሁሉም ሰው ከሚገባበት በር ጀርባ ያደርጉታል።

ሌላው እንቅፋት ወረቀት ነው። በብዙ አገሮች ሕጉ ወይም ልማዱ መጀመሪያ ለፖሊስ አመልክቺ ይላል። ዓላማው ክፉ አይደለም፤ ወንጀለኛ እንዲያዝ ነው። ሆኖም በጦርነት መሀል ፖሊስ ጣቢያው ላይኖር ይችላል። አንዳንዴም አጥቂው ራሱ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሴቲቱ ሆድ ይፍጀው ብላ ብትቀመጥ አይፈረድባትም። የሚስፕ መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ሕክምናው ከፖሊስ ሪፖርት ጋር መታሰር የለበትም። ፍትሕ የምትፈልግ ከሆነ ማስረጃው ተመዝግቦ ይቆያል። የምትወስነው እሷ ናት።

አጥቂው ማን ነው?

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የሚታየን የታጠቀ ወታደር ነው። እሱ እውነት ነው፤ መደፈር እንደ ጦር መሣሪያ ያገለገለባቸው ግጭቶች ብዙ ናቸው። የጸጥታው ምክር ቤት በ2000 ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1325 እና በ2008 የተከተለው 1820 የመጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ምስሉ ግን ሙሉ አይደለም። በግጭት አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቁት በባላቸው ወይም በአጋራቸው ነው። ሥራ ያጣ፣ ቤቱን ያጣ፣ በአንዲት ሸራ ሥር ከነቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው አለ። ይህ ለጥቃቱ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ለምን ቀውስ ውስጥ እንደሚጨምር ግን ይነግረናል።

ልዩነቱ ለተግባር ትልቅ ነው። አጥቂው ውጭ ያለ ጠመንጃ ያዥ ብቻ ከሆነ መፍትሔው አጥርና ጥበቃ ነው። አጥቂው ድንኳን ውስጥ ካለ ግን አጥሩ ከእሱ ጋር አብሮ ይዘጋባታል።

ሦስተኛው ወገን ለመናገር የሚከብደው ነው፤ እርዳታ ሰጪው። በ2002 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅትና አንድ የሕጻናት እርዳታ ድርጅት በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ያደረጉት ዳሰሳ፣ የእርዳታ ሠራተኞችና ሰላም አስከባሪዎች ሳይቀሩ ለታዳጊ ልጃገረዶች ምግብና ቁሳቁስ በወሲብ ይለውጡ እንደነበር የሚገልጹ ምስክርነቶችን ይፋ አደረገ። በማግሥቱ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ጥብቅ መመሪያ አወጡ። ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር ወሲብ መፈጸም፣ የአገሩ ሕግ ቢፈቅድም እንኳ፣ የተከለከለ ነው። እርዳታን ለወሲብ መለወጥም እንዲሁ። መመሪያው ግን ችግሩን አላጠፋውም። በ2021 አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በነበረው የኢቦላ ዘመቻ ከ80 በላይ ተጠርጣሪዎችን ለይቷል፤ 21ዱ የዓለም ጤና ድርጅት ተቀጣሪዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ነገር ከሥነ ምግባር ስልጠና ይልቅ የአሠራር ጉዳይ ይመስለኛል። አንድ ወንድ ብቻውን የራሽን ካርድ የሚሰጥ፣ ብቻውን ስም የሚሰርዝ ከሆነ፣ ያ ሥልጣን ለሽያጭ ክፍት ነው። ሁለት ሰው ቢፈርም፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ድርሻው ግልጽ ሆኖ ቢለጠፍ፣ ቅሬታው ወደዚያው ቢሮ ሳይሆን ወደ ሌላ ቢሄድ፣ በሩ ይጠባል።

ሽንት ቤቱ የት ነው የተቆፈረው?

ብዙ ሰው ጥበቃ ሲባል የሚያስበው ልዩ ፕሮጀክት ነው። ትልቁ ሥራ ያለው ግን መሐንዲሱ ጋ ነው።

ዓለም አቀፉ «ስፊር» የተባለው ዝቅተኛ መስፈርት የሚከተለውን ይላል። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፤ ከመኖሪያ ከ50 ሜትር ያልራቀ። የጋራ ከሆነ ለሴቶች ሦስት፣ ለወንዶች አንድ በሚል ስሌት። ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መብራት ያለው። ውሃ በሰው ቢያንስ 15 ሊትር በቀን፤ ቦኖው ከ500 ሜትር ያልራቀ፤ ወረፋው ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ።

እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ይመስላሉ። ግን እያንዳንዳቸው ጀርባ የሴት ውሎ አለ። መጸዳጃው ሩቅና ጨለማ ከሆነ ሴቶች ማታ እንዳይወጡ ሲሉ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ይህ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ለነፍሰ ጡር ያለ ጊዜ እስከ መውለድ ሊያደርስ ይችላል። የንጽሕና መጠበቂያ ካልተሰጠ በወር አበባዋ ቀናት ልጅቷ ለምግብ ወረፋ አትወጣም። ሞዴስ፣ ሳሙና፣ የውስጥ ልብስ፣ ባትሪና ፊሽካ የያዘችው ትንሿ ቦርሳ እንደ ቅንጦት የምትታየው ይህን ለማያውቅ ሰው ነው።

ሁሉም ቀላል መፍትሔ ግን አይሠራም። የማገዶው ታሪክ ጥሩ ትምህርት ነው። ሴቶች እንጨት ሊለቅሙ ከካምፕ ሲወጡ እንደሚጠቁ በዳርፉር ጎልቶ ከታየ በኋላ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንደ መፍትሔ ተሠራጨ። ምድጃው ጭስ ይቀንሳል፣ እንጨትም ይቆጥባል። ጥቃትን ስለ መቀነሱ ግን የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነው። ለምን? ሴቶቹ እንጨት የሚለቅሙት ለማብሰል ብቻ አልነበረም። ይሸጡትም ነበር። ሌላ ገቢ አልነበራቸውማ! ምድጃው የኪሱን ጥያቄ ሳይነካ የወጥ ቤቱን ብቻ መለሰ። ከዚያ በላይ የሚነሳ ትችትም አለ፤ አጥቂውን ትቶ የተጠቂዋን እግር መቁጠር ነው የሚል። ትችቱ ልክ ነው። ይሁን እንጂ አጥቂውን የሚይዝ በሌለበት የእግር መንገዱን ማሳጠር ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም።

በ2010 ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በድንኳን ሰፈሮቹ የሴቶች ማኅበራት ራሳቸው ፊሽካ አደሉ፤ የሌሊት ጥበቃም አደራጁ። ማን መቼ የት እንደሚሄድ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ብዙ ጊዜ ካምፕ ሲታቀድ የማይጠየቁትም እነሱ ናቸው።

«ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ

ጋዜጠኛም፣ ለጋሽም፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ተከራካሪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ስንት ሴቶች ተደፈሩ? ቁጥር ከሌለ «የለም» ይባላል። ቁጥሩ ካነሰ «ተጋኗል» ይባላል።

ይህ አካሄድ ከሥሩ ይሳሳታል። የተመዘገበ ቁጥር የሚነግረን ስንት ሴት እንደተጠቃች አይደለም። ስንት ሴት በር አግኝታ፣ አምና፣ ገብታ እንደተናገረች ነው። አገልግሎት በሌለበት ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ጥሩ ክሊኒክ ሲከፈት ቁጥሩ ይወጣል፤ ይህ ብዙ ጊዜ መልካም ዜና ነው። ለዚህም ነው የሰብዓዊ ድርጅቶች የጋራ መመሪያ በ2015 እትሙ፣ ማስረጃ ኖረም አልኖረም ጥቃት እየተፈጸመ ነው ብላችሁ ተነሱ የሚለው።

በተቃራኒው የሚከራከሩም አሉ። ያለ መረጃ ገንዘብ መጠየቅ እምነት ያሳጣል፤ ወንጀለኛንም ለፍርድ ለማቅረብ ማስረጃ ያስፈልጋል ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን ለፍርድ የሚሆን ማስረጃ፣ ለአገልግሎት የሚሆን መረጃና ለዜና የሚሆን ቁጥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ለማግኘት በሌላው መንገድ ሲሄዱ ጉዳት ይመጣል። አንዲት ሴት ታሪኳን ለአምስት ድርጅት መጠይቅ ስትደግም፣ ከአምስቱ አንዱም ሕክምና ሳይሰጣት ሲቀር፣ ከዝምታ የባሰ ነው።

ልጃገረዶች በመሀል ይወድቃሉ

የሕጻናት ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው። የሴቶች ፕሮግራም አለ፤ የሚያስበው እናቶችን ነው። የ13 ዓመቷ ልጅ የየትኛው ናት?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ሴራሊዮን ውስጥ በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ነበር። በዚያ ጊዜ የታዳጊዎች እርግዝና ጨመረ። በ2015 ትምህርት ሲከፈት መንግሥት በግልጽ የምትታይ ነፍሰ ጡር ተማሪ ከክፍል እንዳትገባ ከለከለ። በ2019 መጨረሻ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ክልከላው መድልዎ ነው ብሎ ወሰነ፤ በማርች 2020 ተነሳ። አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ይቻላል።

ያለ ዕድሜ ጋብቻም ከቀውስ ጋር ይጨምራል። ዮርዳኖስ በሰፈሩ የሶርያ ስደተኞች መካከል ከተመዘገቡ ጋብቻዎች ሙሽራዋ ከ18 ዓመት በታች የሆነችባቸው በ2011 12 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2014 ወደ ሲሶ ተጠጉ። ወላጆቹን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ምክንያታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ የሚመገብ አፍ መቀነስ፤ ሌላው ልጅቷን «ከክፉ መጠበቅ»። የሚፈሩት ነገር እውነተኛ ነው። የመረጡት መከላከያ ግን ራሱ ያለ ዕድሜ እርግዝናን ያመጣል፤ ገና ባልጠና ሰውነት መውለድ ደግሞ የፌስቱላና የሞት አደጋ አለው። ስለዚህ ጋብቻውን በአዋጅ ከመከልከል በላይ የሚሠራው ሰበቡን መንካት ነው፤ ትምህርት ቤት ቶሎ መክፈትና ለቤተሰቡ ገቢ ማስገኘት።

ክርክሮቹ

በዚህ ጉዳይ ላይ በቅንነት የሚነሱ የተቃውሞ ሐሳቦች አሉ። አንዱ «የባህር ማዶ አጀንዳ ነው» የሚለው ነው። በተለይ በወሊድ መከላከያ ላይ ይበረታል። አቀራረቡ አንዳንዴ ትዕቢት እንደነበረው መካድ አይቻልም። ሆኖም ወሊድ፣ ደም መፍሰስና መደፈር የማንም ባህል አጀንዳ አይደሉም። በተግባርም የሃይማኖት አባቶችና የአካባቢ ሽማግሌዎች ከመጀመሪያው ሲገቡበት ተቃውሞው እንደሚለዝብ ታይቷል። አንዳንዴ ግን አይለዝብም፤ ያን ጊዜ ሴቲቱ ከማኅበረሰቡ ተደብቃ አገልግሎት የምታገኝበት መንገድ መኖር አለበት። እዚህ ላይ አስታራቂ መልስ የለም።

ሁለተኛው «ወንዶችስ?» የሚለው ነው። ወንዶችና ወንድ ልጆችም በግጭትና በእስር ቤት ጾታዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል። በ2019 የወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2467 ይህን በግልጽ ያነሳል። የ72 ሰዓቱ ሕክምና ለእነሱም ነው። አገልግሎቱን ማጥበብ ግን ለወንዶቹ አንዲት አልጋ አይጨምርላቸውም።

ሦስተኛው ክርክር ስለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ከእህል ይልቅ ገንዘብ፣ ያውም ለሴቷ በእጇ ይሰጥ የሚሉ አሉ። ቤት ውስጥ ጠብ ያነሳል ብለው የሚፈሩም አሉ። ጥናቶቹ በአብዛኛው የሚያሳዩት ገንዘቡ የአጋር ጥቃትን ሲቀንስ ነው፤ ጭንቀቱ ስለሚቀል ይመስላል። በሁሉም ቦታ ግን አንድ አይደለም። ባልየው ምን እንደሚል ሳይጠየቅ ለእሷ ብቻ ሲሰጥ የሚከፋበት ቤት አለ።

ገንዘቡ ሲቀንስ

ይህ ዘርፍ ከቅነሳው በፊትም ጠግቦ አያውቅም። ከ2016 እስከ 2018 የነበረውን የሰብዓዊ እርዳታ ገንዘብ የመረመረ አንድ ጥናት፣ ጾታዊ ጥቃትን ለመከላከልና ለማከም በቀጥታ የዋለው 0.12 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ከ1000 ብር አንድ ብር ከሃያ ሳንቲም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ «ይቀነስና ለእህሉ ይጨመር» የሚለው በሒሳብ ራሱ አያዋጣም። ሙሉ በሙሉ ቢሰረዝ የእህሉን ጉድለት አይሞላም።

ቅነሳው መጀመሪያ የሚመታው ትንንሾቹን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ተቋም በ2025 በ44 አገሮች 411 ሴቶች የሚመሯቸውንና የሴቶች መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችን ጠይቆ ነበር። 90 በመቶው ቅነሳው ነክቶናል አሉ። ግማሽ የሚጠጉት በስድስት ወር ውስጥ ልንዘጋ እንችላለን ብለው ሰጉ። እነዚህ ድርጅቶች መንገድ ሲዘጋ የማይወጡ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ሴቶቹ በስማቸው የሚያውቋቸው ናቸው። አንዴ ሠራተኛው ከተበተነ ገንዘቡ ሲመለስ አብሮ አይመለስም። እምነትም እንደዚያው ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን ከቁጥሩ አሠራር ተነስቶ መገመት ይቻላል። ማዕከሉ ይዘጋል። አዋላጇ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። የሚመዘግብ ስለሌለ የተመዘገበው ጥቃት ይቀንሳል፤ ድንኳን ውስጥ የሞተች እናትም በክሊኒኩ መዝገብ አትገኝም። ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ ያ ዝቅ ያለ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል።